አየርን የለካው አማኝ፦ የሮበርት ቦይል ሕይወት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፣ እንዲሁም ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ወላጆቻችን፤ የወጣት ክፍላችን በዚህ እትም የሚያቀርብላችሁ የአንድ ሊቅ የሕይወት ታሪክ ነው። ሊቁ ሮበርት ቦይል ይባላል። ኬሚስትሪ የምንማር ሁሉ ስሙን እናውቀዋለን። ግፊት ሲጨምር የጋዝ ይዘት ይቀንሳል፣ ግፊት ሲቀንስ ይዘቱ ይጨምራል የሚለው የቦይል ሕግ በየደብተራችን ሰፍሯል። መማሪያ መጽሐፉ ግን ከስሙና ከቀመሩ በቀር ስለ ሰውየው ብዙ አይነግረንም።

ይህን ታሪክ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ በራቤልና በግሼ ልጃቸው ሳይንስ ሲያጠና እምነቱ ይላላል ብለው የሚሠጉ ወላጆች አሉ። በተማሪዎች በኩል ደግሞ መዝሙርና ኬሚስትሪ በአንድ ልብ ውስጥ አብረው አያድሩም፣ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ነው የሚሉ ወጣቶች አሉ። የቦይል ሕይወት ለሁለቱም ወገኖች መልስ ይሰጣል ብለን እናምናለን። መልሱንም በአንድ የመስታወት ቱቦና በአንድ የቁጥር ሠንጠረዥ ውስጥ አስቀምጦልን አልፏል።

ከዚህ በታች የቦይልን ዘመን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባብያን ልብ ይበሉልን።

ሮበርት ቦይል የተወለደው በ1627፣ በእኛ አቆጣጠር በ1619 ዓ.ም.፣ በአየርላንድ ሊዝሞር በሚባል ግንብ ውስጥ ነው። በዚያ ጊዜ በአገራችን በዙፋን ላይ የነበሩት ዐፄ ሱስንዮስ ናቸው። አባቱ ሪቻርድ ቦይል ከእንግሊዝ ወደ አየርላንድ በወጣትነቱ የተሻገረና ከዚያ አገር መሬት እጅግ ታላቅ ሀብት ያከማቸ የኮርክ መስፍን ነበር። ሮበርት ከአባቱ ልጆች 14ኛው ነው። የመስፍን ልጅ ቢሆንም በምቾት እንዲያድግ አልተደረገም። አባቱ ልጆቹ እንዳይሞላቀቁ ብሎ ገና በሕፃንነታቸው ወደ ገጠር ለሞግዚት ይሰጣቸው ነበር። ሮበርትም እንዲሁ ከእናቱ ርቆ አደገ። እናቱ ካትሪን ያረፈችው እርሱ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነውና መልኳን እንኳ በቅጡ ሳያውቅ ቀረ። በልጅነቱ አንደበቱ ይያዝ ጀመር። ይህ የመንተባተብ ነገር እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልለቀቀውም።

ስምንት ዓመት ሲሞላው፣ በ1635፣ ከወንድሙ ከፍራንሲስ ጋር ኢተን ወደሚባለው የእንግሊዝ ትምህርት ቤት ተላከ። በ1639 ደግሞ ማርኮምብ ከሚባል መምህር ጋር ወደ ዋናው አውሮፓ ተሻግሮ በጄኔቫ ተቀመጠ። ሕይወቱን የቀየረው ነገር የደረሰው እዚያ ነው። አንድ ሌሊት ነጎድጓድና መብረቅ የበዛበት ከባድ ማዕበል ቀሰቀሰው። ልጁ የዓለም ፍጻሜ የደረሰ መስሎት ደነገጠ፤ ለፍርድም ያልተዘጋጀ ሆኖ ራሱን አገኘ። ከዚያች ሌሊት በኋላ ሕይወቱን ለእግዚአብሔር ለመስጠት ቃል ገባ። ማዕበሉ አልፎ ሰማዩ ከጠራ በኋላም ፍርሃት ሳያስገድደው በጸጥታው ጊዜ ቃሉን ደግሞ አጸናው። በክረምት የመንዝና የግሼ ደጋ ሲያስገመግም ያደግን እኛ ይህን ስሜት ለመረዳት አይቸግረንም። ልብ የሚባለው ግን ቃሉን በጸጥታው ጊዜ መድገሙ ነው።

በ1641 ወደ ጣልያን አገር ወርዶ በፍሎረንስ ከረመ። ታላቁ የከዋክብት ተመራማሪ ጋሊሊዮ በ1642 መጀመሪያ ላይ ያረፈው ቦይል በዚያ ከተማ ሳለ ነው። ወጣቱም የዚህን ሊቅ መጻሕፍት ያነብ ነበር። በዚያው ወራት ግን ከአገር ቤት ክፉ ወሬ መጣ። በ1641 የአየርላንድ ሕዝብ ተነሥቶ ጦርነት ስለ ሆነ ከአባቱ የሚላከው ገንዘብ ተቋረጠ። አባቱም በ1643 አረፈ። ቦይል ባዶ እጁን በሰው አገር ቀርቶ፣ በመምህሩ ርዳታ ጥቂት ቆይቶ፣ በ1644 ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። ለንደን የተቀበለችው ታላቅ እኅቱ ካትሪን ነበረች። እርስዋም በዘመኑ በዕውቀቷ የተከበረች፣ ሊቃውንት በቤቷ የሚሰበሰቡባት ሴት ነበረች። ወንድሟን ከሊቃውንት ጋር ያስተዋወቀችውና በኋላም እስከ ዕለተ ሞቷ በቅርብ የረዳችው ይህች እኅቱ ናት። ታሪኩ ሲነገር ስሟ መረሳት የለበትም።

ከአባቱ ውርስ በእንግሊዝ አገር ስታልብሪጅ የሚባል ርስት ደርሶት ነበርና እዚያ ተቀምጦ መጻፍና መመራመር ጀመረ። ቅዱሳት መጻሕፍትን በተጻፉበት ቋንቋ ለማንበብ ብሎ ግሪክኛ፣ ዕብራይስጥ፣ አራማይክና ሱርስት አጠና። ዓይኑ ደካማ ሆኖ ሳለ ይህን ሁሉ ፊደል መቁጠሩ የሚደንቅ ነው። ግእዝ ለመማር ከማለዳ ተነሥተው ቆሎ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ወንድሞቻችን ይህን ድካም ያውቁታል።

እዚህ ላይ ከአገራችን ጋር የሚያገናኝ አንድ ነገር እናንሣ። በዚያው ዘመን የመካነ ሥላሴው ተወላጅ አባ ጎርጎርዮስ በ1649 በሮም ከጀርመናዊው ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ፤ በ1652ም ወደ ጀርመን አገር ሄደው በጎታ ከተማ ግእዝንና የአገራችንን ታሪክ አስተማሩት። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ በመርከብ አደጋ አረፉ። ሉዶልፍ ግን ከእርሳቸው በተማረው ላይ ተመሥርቶ ያዘጋጀው የግእዝ መዝገበ ቃላት በ1661 በለንደን ታተመ። ቦይልም ተጠራጣሪው ኬሚስት የተባለውን የታወቀ መጽሐፉን ያሳተመው በዚያው በ1661፣ በዚያው በለንደን ነበር። የአባቶቻችን ቋንቋ መዝገበ ቃላትና የአዲሱ ኬሚስትሪ መጽሐፍ በአንድ ዓመት ከአንድ ከተማ ማተሚያ ቤቶች ወጡ ማለት ነው።

ቦይል በ1650ዎቹ አጋማሽ ወደ ኦክስፎርድ ከተማ ተዛወረ። በዚያ ጊዜ ሊቃውንቱን ያከራክር የነበረው የአየር ነገር ነው። ጣልያናዊው ቶሪቼሊ ባዜቃ (ሜርኩሪ) የተሞላ የመስታወት ቱቦ ባዜቃ ባለበት ሳሕን ላይ ሲገለብጥ፣ በቱቦው ውስጥ የባዜቃው ዓምድ ወደ 76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ቆሞ እንደሚቀር አሳይቶ ነበር። በ1648 ደግሞ ፈረንሳዊው ፓስካል የእኅቱን ባል ይህን መሣሪያ አስይዞ ወደ ተራራ ቢያስወጣው፣ ተራራው ራስ ላይ ሲደርስ የባዜቃው ከፍታ ዝቅ አለ። ከዚህም አየር ክብደት እንዳለውና ከፍ ባልን መጠን ከላያችን ያለው አየር እንደሚያንስ ታወቀ። ጀርመናዊው ጌሪክ ደግሞ አየር ከዕቃ ውስጥ የሚስብ መሣሪያ ሠራ። ቦይል ስለዚህ መሣሪያ ባነበበ ጊዜ የተሻለ ለመሥራት አሰበ። ሮበርት ሁክ የተባለ ብልህ ወጣት ረዳት ቀጥሮ በ1659 የአየር መሳቢያው ተሠራለት።

በዚህ መሣሪያ ትልቅ የመስታወት ዕቃ ውስጥ የተለኮሰ ሻማ አስገብቶ አየሩን ሲስበው ሻማው ጠፋ። ሰዓት አንጠልጥሎ አየሩን ሲስብ የሰዓቱ ድምፅ እየራቀ ሄደ። አፉን አስሮ ጥቂት አየር ብቻ ያስቀረበትን የበግ ፊኛ አስገብቶ በዙሪያው ያለውን አየር ሲቀንስ ፊኛው ተነፋ። ከዚህ ሁሉ ሙከራ በኋላ በ1660 ባሳተመው መጽሐፍ አየር የመለጠጥና ተጨቁኖ መልሶ የመግፋት ኃይል እንዳለው አስረዳ። ይህን ኃይል ለማስረዳት የመረጠው ምሳሌ ለእኛ ለመንዝና ለግሼ ሰዎች ቅርብ ነው። የአየር ቅንጣቶች እንደ በግ ጠጕር ናቸው አለ። የተከመረ ጠጕር በእጅ ሲጫኑት ይታመቃል፤ እጅን ሲያነሡለት መልሶ ይነሣል። ባና ለመሥራት ጠጕር ስትፈትል እናቱን አይቶ ያደገ ሰው ይህን ምሳሌ በአንድ አፍታ ይረዳዋል። ቦይል ግን ምሳሌ ምሳሌ መሆኑን አልዘነጋም። ቅንጣቶቹ በእውነት እንደ ጠጕር ናቸው ወይስ በሌላ መንገድ ይገፋሉ የሚለውን ስላላወቀ ሳይቆርጥ ተወው።

መጽሐፉ እንደ ወጣ ተቃዋሚዎች ተነሡ። ከእነርሱም አንዱ ፍራንሲስኩስ ሊኑስ የተባለ የኢየሱሳውያን ማኅበር መምህር ነበር። አየር በእርግጥ ጥቂት የመግፋት ኃይል አለው፣ ነገር ግን 29 ኢንች የሚያህል የባዜቃ ዓምድ ለመሸከም አይበቃም፤ ባዜቃውን ከላይ የያዘው የማይታይ ክር ነው ብሎ ጻፈ። በዚያ ዘመን በአውሮፓ የሃይማኖት ክርክር ደም ያፋስስ ነበር። በእኛም አገር ዐፄ ሱስንዮስ ኢየሱሳውያንን ተከትለው ሃይማኖት በለወጡ ጊዜ ብዙ ደም እንደ ፈሰሰ፣ ዐፄ ፋሲለደስም በ1632 ነግሠው ኢየሱሳውያኑን ከአገር እንዳስወጡ እናውቃለን። ቦይል ግን ተቃዋሚውን በማኅበሩ አልሰደበውም፤ በስሙም አልተሳለቀም። አየር ምን ያህል መግፋት እንደሚችል እንለካ ብሎ ወደ ሥራው ገባ።

መሣሪያው ይህ ነው። ረጅም የመስታወት ቱቦ ታችኛው ጫፉ ወደ ላይ እንዲመለስ ሆኖ ታጠፈ። አጭሩ ክንድ ጫፉ የተደፈነ ነው፤ ረጅሙ ክንድ አፉ ክፍት ነው። በሁለቱም ክንዶች ላይ ኢንችና የኢንች ክፍልፋይ የተጻፈበት ወረቀት ተለጠፈ። በክፍቱ አፍ ባዜቃ ሲፈስስ በአጭሩ ክንድ ያለው አየር ይታመቃል። ቱቦው በጣም ረጅም ስለ ነበር በክፍል ውስጥ አልቆም አለ፤ ስለዚህ በቤቱ ደረጃ ላይ አቆሙት። አንዱ ከላይ ሆኖ ባዜቃውን ቀስ እያለ ሲያፈስስ ሌላው ከታች ሆኖ የአየሩን ይዘት ያነብ ነበር። ከዚያ በፊት ቱቦ ተሰብሮ ሙከራው ተቋርጦ ነበርና ባዜቃው እንዳይባክን ከሥሩ የእንጨት ሣጥን አኖሩ።

ውጤቱን ያሳተመው በ1662 ነው። እስኪ ሦስቱን መሥመሮች ብቻ እንይ። መጀመሪያ የታመቀው አየር 48 ክፍል ይዞ ሳለ የሚጫነው የውጭው አየር ብቻ ነበር፤ ይህም በባዜቃ ከፍታ 29 ኢንች ከ2/16 ነው። አየሩ በግማሽ ቀንሶ 24 ክፍል ሲሆን በረጅሙ ክንድ ያለው ትርፍ የባዜቃ ከፍታ 29 ኢንች ከ11/16 ሆነ። በዚህ ላይ የውጭው አየር 29 ከ2/16 ሲደመር ጠቅላላው ግፊት 58 ከ13/16 ነው። አየሩ ወደ ሩብ ወርዶ 12 ክፍል ሲሆን ጠቅላላው ግፊት 117 ከ9/16 ደረሰ። ይዘቱን በግፊቱ ብናባዛ የመጀመሪያው 1398፣ ሁለተኛው 1411.5፣ ሦስተኛው 1410.75 ይሆናል። ሦስቱ ብዜቶች እኩል ለመሆን ጥቂት ቀራቸው። ሊኑስ አይችልም ያለው አየር የተባለውን ሸክም አራት እጥፍ ተሸከመ። የማይታየውም ክር አስፈላጊነቱ ቀረ።

አሁን የዚህን ጽሑፍ ዋና ነገር እንናገር። ቦይል በሠንጠረዡ ላይ ከለካው ቁጥር አጠገብ ሕጉ ልክ ቢሆን ኖሮ መገኘት የነበረበትን ቁጥር ጻፈ። አየሩ 24 ክፍል ሲሆን ግፊቱ 58 ከ1/4 መሆን ነበረበት፤ የተገኘው 58 ከ13/16 ነው፤ ልዩነቱ 9/16 ኢንች ነው። በ12 ክፍል ላይ ልዩነቱ ከአንድ ኢንች አለፈ። ተቃዋሚ አፉን ከፍቶ በሚጠብቅበት ሰዓት ቁጥሩን ጥቂት ቢያስተካክል ማንም አይይዘውም ነበር። እርሱ ግን የተለካውን እንደ ተለካ፣ የታሰበውን እንደ ታሰበ ጎን ለጎን አተመ። ከዚህም ሌላ ይዘትና ግፊት በተገላቢጦሽ ይሄዳሉ የሚለውን ሐሳብ ያቀረበው ሪቻርድ ታውንሊ መሆኑን በመጽሐፉ ጠቅሷል። ስሙን ለሕጉ ያወረሰው ሰው የሌላውን ድርሻ አልደበቀም። ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1676፣ ፈረንሳዊው ማርዮት ያንኑ ሕግ ሲያሳትም ሙቀት ሳይለወጥ የሚለውን ሁኔታ ግልጽ አደረገ። ስለዚህ በፈረንሳይ አገር ሕጉ እስከ ዛሬ በማርዮት ስም ጭምር ይጠራል።

እኛም በክፍል የሚሰጡንን ጥያቄዎች ስንሠራ የቦይልን አካሄድ ብንከተል ይቀለናል። አካሄዱም የታወቀውን መጻፍ፣ የማይለወጠውን መለየት፣ አሃዱን ማስተካከል፣ ከዚያ ማስላት፣ በመጨረሻም መልሱን ከምናውቀው ነገር ጋር ማመዛዘን ነው። ግፊትን ግ፣ ይዘትን ይ፣ ሙቀትን ሙ ብለን እንጻፍ። ሙቀቱና የጋዙ መጠን ካልተለወጡ ግ1 × ይ1 = ግ2 × ይ2 ነው።

ምሳሌ ከአካባቢያችን እንውሰድ። በሸዋ ሮቢት ቆላ የአየሩ ግፊት ወደ 650 ሚሊ ሜትር ባዜቃ ነው። በመንዝ ደጋ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ወደ 525 ይወርዳል። በሸዋ ሮቢት 2 ሊትር አየር ተሞልቶ የታሰረ ፊኛ ወደ ደጋው ቢወጣ ይዘቱ ስንት ይሆናል? የፊኛውን ጎማ መጨቆን ትተን፣ ሙቀቱም አልተለወጠም ብለን ስንሠራ፣ 650 × 2 = 525 × ይ2 ነው። 1300 ለ525 ሲካፈል 2.48 ሊትር ገደማ ይሆናል። ሽቅብ ሲወጣ ግፊት ስለሚቀንስ ፊኛው ማበጥ አለበት፤ መልሱም አብጧል ይላል። ከቆላ የመጣ የታሸገ የብስኩት ላስቲክ ደጋ ሲደርስ የሚነፋው በዚሁ ምክንያት ነው።

ነገር ግን ደጋው ይበርዳል። ሙቀት ሲለወጥ ጋዝ ምን እንደሚሆን የተጠናው ከቦይል በኋላ ነው። ፈረንሳዊው ሻርል በ1787 መረመረው፤ ጌይ ሉሳክ በ1802 አሳተመው። ግፊቱ ሳይለወጥ ጋዝ ሲሞቅ ይዘቱ ይጨምራል፤ ሲበርድ ይቀንሳል። ሙቀቱ ግን በኬልቪን መሆን አለበት፤ ይኸውም በሴልሺየስ ቁጥር ላይ 273 መደመር ነው። ሁለቱ ሕጎች ሲጣመሩ ግ1 × ይ1 ÷ ሙ1 = ግ2 × ይ2 ÷ ሙ2 ይሆናል። በሸዋ ሮቢት 27 ዲግሪ፣ በደጋው 12 ዲግሪ ቢሆን፣ 300 እና 285 ኬልቪን ማለት ነው። ስናሰላው ይ2 = 650 × 2 × 285 ÷ (525 × 300) = 2.35 ሊትር ገደማ ይወጣል። ብርዱ ከእብጠቱ ጥቂት ቀነሰለት። አንድ ተማሪ 273 መደመሩን ቢዘነጋና 27 እና 12ን እንዳሉ ቢያስገባ መልሱ 1.10 ሊትር ይሆንበታል። ይህ ማለት ፊኛው ሽቅብ ሲወጣ በግማሽ ሊቀንስ ምንም አልቀረውም ማለት ነው። ዓይናችን የሚያየው ደግሞ ሲነፋ ነው። መልሱን ከእውነቱ ጋር ያመዛዘነ ተማሪ ስሕተቱን መምህሩ ሳይነግረው ያገኘዋል።

ሌላም ትምህርት ከቦይል ሠንጠረዥ እናገኛለን። በቱቦው ባለው የባዜቃ ከፍታ ላይ የውጭውን አየር መደመሩን አስተውለናል። የጎማ ግፊት መለኪያም እንዲሁ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ትርፍ ብቻ ነው። በእኛ ደጋ የውጭው አየር 0.7 አትሞስፌር ገደማ ስለ ሆነ፣ መለኪያው 2 ቢያሳይ በቀመሩ ውስጥ የሚገባው 2.7 ነው። የማይታየውን ሳይቆጥሩ በሚታየው ብቻ ማስላት ወደ ሐሰተኛ መልስ ይወስዳል።

የአየር ግፊት ማነስ በማጀታችንም ውስጥ አለ። በ3,000 ሜትር ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ የባቄላ ንፍሮ በደጋ እሳት ላይ ብዙ ይቆያል፤ እናቶቻችንም ብዙ እንጨት ይፈጃሉ። ለዚህ መፍትሔ የሆነውን፣ እንፋሎት አፍኖ በግፊት የሚያበስለውን ድስት የፈለሰፈው ዴኒ ፓፒን ነው። ፓፒን ለንደን ውስጥ ከቦይል ጋር በረዳትነት ይሠራ የነበረ ሰው ሲሆን፣ ድስቱን በ1679 ለእንግሊዝ ሊቃውንት ማኅበር አሳይቷል።

ቦይል በ1668 ወደ ለንደን ተመልሶ በእኅቱ በካትሪን ቤት መኖር ጀመረ። በ1670 በጽኑ ታሞ አካሉ ሰለለ፤ ቀስ በቀስ ቢያገግምም ጤናው ሙሉ አልሆነም። ሚስት አላገባም። ክህነት እንዲቀበል ቢጠየቅ አልተጠራሁበትም ብሎ ተወው። የቅዱሳት መጻሕፍት ትርጉም ግን ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበው ነበር። አራቱ ወንጌሎችና የሐዋርያት ሥራ በማላይ ቋንቋ በ1677 ሲታተሙ ገንዘቡን ሰጠ። በአየርላንድ ቋንቋም ሐዲስ ኪዳን በ1681፣ ብሉይ ኪዳን በ1685 በእርሱ ወጪ ታተሙ። የቤተ ሰቡ ሀብት ከአየርላንድ መሬት የመጣ መሆኑን ስናስብ፣ ለዚያ ሕዝብ በገዛ ቋንቋው መጽሐፍ መስጠቱ ዕዳን እንደ መክፈል ሆኖ ይታየናል።

ቦይል በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ያደገ ሰው ነው፤ እኛ ደግሞ በተዋሕዶ እምነታችን የምንኖር ነን። በሁሉ ነገር ምሳሌያችን ነው አንልም። ሌላውን ብረት ወደ ወርቅ መለወጥ ይቻላል ብሎም እስከ እርጅናው ድረስ ብዙ ደክሟል፤ ይህም አልተሳካለትም። ሊቅም ሰው ነውና ይሳሳታል። ነገር ግን ፍጥረትን በጥንቃቄ መመርመር ከአምልኮ አንዱ ክፍል እንደ ሆነ ያምን ነበር። በ1690ም ሳይንስን በሙከራ የሚያጠና ሰው ጥሩ ክርስቲያን ለመሆን ከዚያ እንደሚጠቀም የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ።

በ1680 የእንግሊዝ ሊቃውንት ማኅበር ፕሬዚዳንት እንዲሆን መረጠው። ሹመቱ መሐላ ይጠይቅ ነበር። ቦይል በመሐላ ጉዳይ ኅሊናው አልፈቅድ ስላለው ሹመቱን ተወ። በሠንጠረዡ ላይ 9/16 ኢንች ያልደበቀ ሰው በአንደበቱም ያላመነበትን ለመናገር አልፈቀደም። እኛ ሁለቱን አንድ ጠባይ አድርገን እናያቸዋለን።

እኅቱ ካትሪን በዲሴምበር 1691 አረፈች። ቦይልም አንድ ሳምንት ገደማ ብቻ ቆይቶ በዚያው ወር መጨረሻ ቀን፣ በ64 ዓመቱ፣ ተከተላት። በለንደን በቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ያ ሕንጻ በኋላ ፈርሶ እንደ ገና ሲሠራ መቃብሩ ያለበት ቦታ ጠፋ። በኑዛዜው ግን በየዓመቱ 50 ፓውንድ መድቦ ስለ ክርስትና እምነት ትምህርት እንዲሰጥ አዝዞ ነበርና የመጀመሪያው ትምህርት በ1692 ተሰጠ።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ይህን ሁሉ የጻፍነው ለማድነቅ ብቻ አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው ሲሰጥ፣ ከተፈተኑት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደ ነበሩ ሁላችንም ሰምተናል። ለዚህ ብዙ ምክንያት ይኖረዋል፤ የመጻሕፍትና የመሣሪያ እጥረትም አንዱ ነው። ነገር ግን ከጎን የተቀዳ መልስ፣ ሳይለኩ የተጻፈ የቤተ ሙከራ ውጤት፣ ከመልስ መስጫው ወደ ኋላ ተቆጥሮ የተሞላ ስሌት ከምክንያቶቹ ውጭ ናቸው ብሎ ደፍሮ የሚናገር ማን ነው? የተቀዳ ትክክለኛ ቁጥር ከተለካ ጎደሎ ቁጥር ያነሰ ዋጋ አለው። ቦይል ጎደሎ ቁጥሮቹን ስላልሸሸገ ሕጉ ከ360 ዓመት በላይ ቆሟል።

እንግዲህ ወላጆቻችን ሆይ፤ ልጃችሁ በኩራዝም ሆነ በአምፖል የጋዝ ሕግ ጥያቄ ሲሠራ ብታዩት አትሥጉ። እውነተኛውን ቁጥር እንዲጽፍ ብቻ ምከሩት። እኛም ተማሪዎች እሑድ በቤተ ክርስቲያን ሐሰት አትናገር የሚለውን ተምረን ሰኞ በፈተና ወረቀት ላይ እንዳንሽረው ተጠንቅቀን እንማር። እግዚአብሔር አእምሯችንን ያብራልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።